የሁዳዴው ትል

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። ግማሹ ሰው ከሥጋና ከወተት፣ ግማሹ ቀኑን ሙሉ ከእህል ከውኃ ታቅቦ፣ በዚያ በአዳማ ሙቀትና አቧራ ላይ የሁላችንም ትዕግሥት አጥሮ ነበር። እንዲህ ባለ ሰሞን ነው እንግዲህ አንዲት አረንጓዴ ትል ከእኔ ጎመን ወጥታ የአንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳህን ላይ የተገኘችው።

በሕይወት አልነበረችም፣ ተቀቅላለች። ልጅቷም አልዋጠቻትም። በማንኪያዋ ጫፍ ገፋ አድርጋ ለጓደኛዋ አሳየቻት፣ ጓደኛዋ ጮኸች፣ አስተማሪዋ መጣች። እኔ ብሆን ትሏን አንስቼ እጥልና «በይ ብዪ» እል ነበር። ዘመኑ ግን የስልክ ነው። ትሏ ፎቶ ተነስታ፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት ሳትወጣ እናቷ ዘንድ ደረሰች። እናቷ መዘጋጃ ቤት ትሠራለች፤ ሁላችንም የሶፊ እናት ነው የምንላት። ፎቶውን የወላጆች ቴሌግራም ላይ ለጠፈችና ከሥሩ «ልጄን በሁዳዴ አስገደፉብኝ» ብላ ጻፈች።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከትምህርት ቤቱ ወጥ ሠሪ ከኦብሴ ነው። ደውላ አንድ በአንድ ታነብልኛለች፤ እኔ ጎመን መሐል ቆሜ እሰማለሁ። አንዱ ወላጅ ኦርጋኒክ ማለት ትል ማለት ነው እንዴ ብሎ ይጠይቃል። ሌላዋ ጾሙ ፈርሷልና ልጆቹ ንስሐ ይግቡ ትላለች። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ሱቅ ያለው የሱፊያን አባት፣ አብዱናሲር፣ ለእኛስ ትል ይፈቀዳል ወይ ብሎ ጽፏል። ማታ ላይ ትሏ በዝታ ትላትል ሆነች። በማግሥቱ ሆስፒታል የገባ ልጅ አለ ተባለ። የገባም የወጣም አልነበረም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ስሜ አሳየች ነው። ከባሌ ከገብረወልድ ጋር ወንጂ ዳር፣ ከመስኖው ቦይ አጠገብ ባለች ጠባብ መሬት ላይ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር እናመርታለን። ማዳበሪያችን ኮምፖስት ነው፤ ኬሚካል አናስጠጋም። አምና ለተማሪዎች ምገባ የሚገዛ አትክልት ኬሚካል ያልነካው ይሁን የሚል መመሪያ ለሙከራ ወርዶ ያ ትምህርት ቤት ተመረጠ፤ እኛም አቅራቢ ሆንን።

ያኔ የሰዉ አስተያየት ያስቀኝ ነበር። ጎመኔን የሚያደርስልኝ ባለባጃጅ፣ ኦርጋኒክ ማለት ሀብታም በካርቶን የሚገዛው ነው ይለኛል። ጡረተኛው ጎረቤታችን፣ ስሙን ሳናውቅ ስንበላው የኖርነውን ዛሬ ስብሰባ ጠርተው አስተዋወቁን ይላሉ። አስተማሪዎቹ ሐሳቡ ጥሩ ነው ይሉና የመንግሥት ነገር አይከርምም ብለው ይጨምራሉ። ከወላጆቹ አንዳንዶቹ ደግሞ ጎመኑ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ሲያዩት፣ የድሃ ልጅ ስለሆነ ገበያ የጣለውን ሰበሰቡለት አሉ። እንግዲህ ሁለት ወዶ አይቻልም። መርዙን ጠልተው ትሉንም ከጠሉ፣ ጎመኑን ማን ይጠብቀው?

እኔ ግን የሳቅሁት እስከ ትሏ ቀን ድረስ ነው። ምክንያቴ ገብረወልድ ነው።

ገብረወልድ ጉልበቱን የጨረሰው ወደ መቂ በኩል፣ በአንድ ባለሀብት የቲማቲም እርሻ ላይ በረጪነት ነው። የራሱን ፓምፕ በጀርባው አዝሎ፣ አፉን በፎጣ ሸብ አድርጎ፣ በመስመሮቹ መሐል እየተመላለሰ ሲረጭ ይውላል። ቤት ሲመጣ ልብሱን ውጭ አውልቆ፣ ታጥቦ ሳይጨርስ ልጆቹን አያቅፍም ነበር። ረጪዎቹ ያንን ነገር መድኃኒት ነው የሚሉት። እኔ ሽታውን ከራስጌ ጨርቃችን ላይ ማስለቀቅ አቅቶኝ ኖሬያለሁ። ኋላ ሳሉ መጣ። መጀመሪያ አቧራ ነው አልን፣ ቀጥሎ ብርድ ነው አልን። በመጨረሻ ሐኪሙ የደረቱን ፎቶ ወደ መብራቱ አንስቶ አየና፣ መርጨት ቀርቶ የተረጨ ማሳ ውስጥ እንዳይገባ አለው።

ስለዚህ ወንጂ ገብተን ያለ ኬሚካል ጀመርን። ፖሊሲ አውቀን አልነበረም፤ ባሌ በሕይወት እንዲኖር ነው። ችግሩ ገዢ ነበር። የአትክልት ተራ ነጋዴዎች ጎመኔን ገልበጥ አድርገው ያዩና «ለበግ ነው?» ይሉኛል። ያ ትምህርት ቤት ብቻ ነው ቀዳዳውን እያየ የሚቀበለን። እሱ ከተወን የሚቀበለን የለም። የሚቀበለን ከሌለ ደግሞ ገብረወልድ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ፓምፑ እስካሁን ግድግዳችን ላይ፣ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሏል።

የትሏ ወሬ በተነሣ በሁለተኛው ቀን የቲማቲም እርሻው ካቦ ደወለ። እንደ ሰይጣን ቀን ጠብቆ ነው የሚደውለው። የራሱ ፓምፕ ያለው፣ ልምድ ያለው ረጪ ጠፍቷልና ሰኞ ና አለው። ገብረወልድ እሺም እንቢም አላለም። ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ስብሰባ አለ፣ ከዚያ በኋላ እነግርሃለሁ ብሎ ዘጋው።

እኔ አልተናገርኩም። ስናደድ የማልናገርበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ደንገጥ ብሎ አየኝ። ጎመን ሊያጠጣ ሲወጣ ጠብቄ ከፓምፑ ጫፍ ላይ ኖዝሏን ፈታሁ። ኖዝል ማለት ውኃውን እንደ ጉም የምትበትነው ትንሿ የነሐስ ጫፍ ናት፤ ያለ እርሷ ፓምፑ ጀሪካን ነው። በላስቲክ ጠቅልዬ የሠርግ ቀሚሴ ያለበት ሻንጣ ውስጥ ከተትኳት። ያንን ሻንጣ ወንድ አይከፍተውም። ኖዝል መቂ ገበያ ላይ እንደ ልብ እንደሚሸጥ እኔም አውቃለሁ፤ ግን ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን ያደርጋል።

ቅዳሜ ጠዋት የጸሎት ነጠላዬን ፈልጌ ሳጣ፣ ተሳድቤ ሳገኝ ረፈደ። ገብረወልድ ውጭ ባጃጁን አስቁሞ ይጠብቀኛል። እኔ ስብሰባው ላይ የምናገረውን በልቤ እየደገምኩ ነው። ኦብሴ አስጠንታኛለች፤ ስለ ኮምፖስት፣ ስለ ቫይታሚን፣ ስለ ትውልድ። ትውልድ የሚለው ላይ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ብላኛለች።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ጋሮምሳ በር ላይ ቆሞ «አካም ቡልተን» እያለ ሁሉን ይጨብጣል። ጋሮምሳ ጠብ የማይወድ ሰው ነው፤ ሁለት ሰው ሲጨቃጨቅ ካየ ሁለቱንም ይቅርታ ይጠይቃል። ነገሩን አስቀድሞ ነግሮኛል። መመሪያው ለሙከራ ስለሆነ ወላጁ አልፈልግም ካለ ጽፎ ያሳውቅና ወደ ቀድሞው ነጋዴ ይመለሳል። ሌላ ምርጫ የለኝም እቴ አሳየች አለኝ።

ገብረወልድ አልገባም። ሰው በተሰበሰበበት ሳሉ ሲነሣበት ስለሚያፍር ከመስኮቱ ውጭ ዛፉ ሥር ተቀመጠ። ክፍሉ ሞልቶ ትልልቅ ሰዎች በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ደርሶ ተቀምጠዋል። ጋሮምሳ የልጅ ልጃቸው እዚያ የሚማርላቸውን መምሬ ኃይለጊዮርጊስን ከፊት አስቀምጧቸዋል። የጾሙ ጥያቄ ካልተፈታ ሌላው እንደማይፈታ ገብቶታል።

የሶፊ እናት ተነሥታ ተናገረች። ደህና ተናጋሪ ናት። ልጇ ከዚያ ቀን ወዲህ ጎመን ባየች ቁጥር እንደምታለቅስ፣ ጾሟን ገና መልመድ የጀመረች ልጅ እንደሆነች አስረዳች። ከኋላ አንድ ሰውዬ፣ የሀብታም ልጆች ትምህርት ቤት ቢሆን ይህን ይሞክሩበት ነበር ወይ ሲል ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ሌላው ያለ ኬሚካል መብላት ጥሩ መሆኑን አልክድም፣ ግን ትል የሌለበት ያለ ኬሚካል ይምጣ አለ።

በመጨረሻ መምሬ ኃይለጊዮርጊስ ተጠየቁ። ትሏ ታስገድፋለች ወይስ አታስገድፍም?

ጊዜ ወስደው መነጽራቸውን ጠረጉ። ሳያውቁ የበሉት አይቆጠርም፣ ልጅቷም ጭራሽ አልበላችም፣ ጾሟ ደህና ነው አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ዙሪያውን ተመለከቱን።

«ትሏን ሶፊ አልዋጠቻትም። እናንተ ግን ሳምንቱን ሙሉ በየስልካችሁ የሰው ሥጋ ስትበሉ ሰነበታችሁ። በሁዳዴ።»

አብዱናሲር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በእኛም ሐሜት የወንድምን ሥጋ መብላት ነው አለ፤ ስልኩንም ከዴስኩ ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተ። እኔ አለቀልን፣ ዳንን ብዬ ነበር።

መምሬ ግን አልጨረሱም። ከዛሬ ወዲያ ጎመኑ ትል እንደሚይዝ ሁላችሁም አውቃችኋል፤ እያወቁ ሳያዩ ለልጅ ማቅረብ ደግሞ ሌላ ነው አሉና ተቀመጡ። ፍርዳቸው ልክ ነበር፤ ልክ በመሆኑ ነው የተናደድኩት። ጋሮምሳ ወደ ኦብሴ ዞረ። እሷም እውነቱን ተናገረች። ለዚያ ሁሉ ተማሪ የምንሠራው ሁለት ሴቶች ነን፣ ጎመኑን በትልቁ ከትፈን እንለቀልቃለን እንጂ ቅጠል በቅጠል ልናይ አንችልም አለች። ዐይኗ ከእኔ ጋር እንዳይገናኝ መሬት መሬት ታያለች።

ጋሮምሳ ተነፈሰ። እንግዲያው ወደ ቀድሞው ነጋዴ ይመለስ የምትሉ እጃችሁን አውጡ አለ። እጆች መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ከኋላ፣ ቀጥሎ ከመስኮቱ በኩል።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ኮምፖስቱም ቫይታሚኑም ትውልዱም ከራሴ ላይ በነነ።

«ትል የሌለበት ጎመን ትላላችሁ» አልኩ። «ትሉን የሚያጠፋው ሰው እኮ አብሮ ይጠፋል። ውጭ የሚያስለው ይሰማችኋል? ባሌ ነው። ያንን የሚያብለጨልጨውን አትክልት ስትበሉ ሲረጭላችሁ የኖረው እሱ ነው። ዛሬ እጅ ካወጣችሁ ሰኞ ተመልሶ ይረጫል፣ እኔም እቀብረዋለሁ።»

በሰው ፊት ማልቀስ እጠላለሁ፤ አለቀስኩ። በዚያው መሐል ገብረወልድ፣ ስሙ እንደተጠራ ሰው፣ ከመስኮቱ ውጭ እንደገና አሳለው። ረዘም ያለ ሳል ነበር። ሁሉም እስኪጨርስ ጠበቀው። ከወጡት እጆች አንዳንዶቹ ቀስ ብለው ወረዱ፣ አንዳንዶቹ ግን እንዳሉ ናቸው። ሐዘን ብቻውን የልጅን ሳህን እንደማያጸዳ እኔም አውቃለሁ።

የሶፊ እናት ዳግመኛ ተነሣች። አሁን ደግሞ ምን ልትል ነው ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

«እኔ መርዝ አምጡ አላልኩም» አለች። ፊቷ ቀልቷል። «ልጄ ትል አየች ነው ያልኩት።»

ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች። ለቅሶ ቤት ለስንት መቶ ሰው ጎመን የምንከትፈው በማሽን ነው እንዴ ብላ ጠየቀች። በዕድር ጊዜ ሳፋ ከበን፣ ጨው ውኃ ውስጥ ነክረን፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ ገልጠን እናጥብ የለም ወይ? ትል ከጨው ውኃ ውስጥ ራሱ ተንሳፍፎ አይወጣም ወይ? ለሞተ ሰው ይህን ያህል ከደከምን ለልጆቻችን በተራ ብንመጣ ምን ይለናል? እኔ ማክሰኞ እመጣለሁ፣ ቢሮ አስፈቅዳለሁ አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። የሳቁት ስለገረማቸው ነው፤ ሁሉም ይህን ሥራ ያውቀዋል፣ ለትምህርት ቤት ግን ያሰበው አልነበረም። አንዷ ሐሙስን ያዘች፣ ሌላዋ ሰኞን። የዕድራችን ሳፋዎች ያለ ሥራ ተቀምጠዋል አለች ሦስተኛዋ። አብዱናሲር ጨው ከእኔ አለ፣ ረመዳን ነው፣ ምንዳውን አታስቀሩብኝ። ከወንዶቹ ቀን የያዘ ሲጠፋ መምሬ፣ ጎመን ማጠብ ወንድን አያስገድፍም አሉና ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

ጋሮምሳ ፊቱ በርቶ፣ ጎመኑ ከእነ አሳየች ይቀጥል የምትሉ አለ። እጁ በዛ። የሀብታም ልጆችን ያነሣው ሰውዬ እጁን አጣምሮ ቀረ። እስከ ፋሲካ አያለሁ፣ አንዲት ትል ካየሁ ግን ራሴ እዚህ እመጣለሁ አለ። ይምጣ። ለእሱም ሳፋ አይጠፋም።

ወጥቼ ለገብረወልድ ነገርኩት። እየተንተባተብኩ፣ ከመጨረሻው ጀምሬ ወደ መጀመሪያው እየተመለስኩ ነገርኩት። «ጥሩ ነው» አለ። በቃ፣ ጥሩ ነው። ያን ሁሉ ሰው ፊት አልቅሼለት ጥሩ ነው! ወንጂ እስክንደርስ ባጃጅ ውስጥ አኮረፍኩት። ግን እውነት ለመናገር ኩርፊያውም ደስ ይል ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ወርዶ፣ ሸንኮራ አገዳው ሁሉ አዲስ የበቀለ መስሎ ታየኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ባለባጃጁን መርቄው ወረድኩ።

ቤት እንደገባን ሻንጣዬን ከፈትኩ። አሁን የምፈራው የለም፣ መደበቁም አሳፈረኝ። ኖዝሏን ከላስቲኳ አውጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኳት።

«ደብቄብህ ነበር» አልኩት።

ገልብጦ አያት። ሳል ያዘው፣ ከዚያ ሳሉ ሳቅ ሆነ። ለዚህ ነዋ ቆራሌው ጎዶሎ ነው ብሎ ትንሹን ሳፋ ሊያስይዘኝ የነበረው፣ ስንት ተከራክሬ ነው ትልቁን ያስለቀቅሁት አለ።

የቱ ቆራሌ አልኩት። በአገጩ ወደ በሩ ጀርባ አመለከተኝ። ዞሬ አየሁ። ግድግዳው ላይ ምስማሩ ባዶውን ቀርቷል። ከሥሩ አንድ ሰማያዊ ሳፋ ተደፍቷል፤ ሕፃን የሚታጠብበት ዓይነት፣ ትልቅ። ጠዋት በነጠላዬ ፍለጋ ስተራመስ ዐይኔ ሥር ነበር ማለት ነው።

«መቼ?»

«ጠዋት። አንቺ ነጠላውን ስትሳደቢ ቆራሌው አለፈ።»

«ከስብሰባው በፊት?»

«ከስብሰባው በፊት።»

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ቢያባርሩን ኖሮስ? ካቦውን እነግርሃለሁ ያልከውስ? ምን ልንበላ ነበር? ሁሉንም ባንዴ ጠየቅሁት። ገብረወልድ ሳፋውን ገልብጦ በእግሩ ወደ መሐል ገፋ አደረገው። ጎመኑን እዚሁ እያጠብኩ፣ ትሉን እየለቀምኩ ቤት ለቤት ባዞረው የሚገዛ አይጠፋም ብዬ ነው አለ። ካልተገዛም ራሳችን እንበላዋለን።

«ያንን ነገር ግን ከእንግዲህ አላዝልም፣ አሳየች። ልጆቹ ሲመጡ ማቀፍ እፈልጋለሁ።»

ልጆቻችን አድገው አንዷ ቢሾፍቱ፣ አንዱ አቦምሳ ናቸው፤ ለፋሲካ ይመጣሉ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ለሁለተኛ ጊዜ አለቀስኩ። ይኼኛው ሌላ ልቅሶ ነበር፣ ሰውነቴን ሁሉ አቀለለኝ። እኔ ትምህርት ቤት ውስጥ የማላውቀውን ሰው ሁሉ እጅ እየቆጠርኩ ስርበተበት፣ እሱ ጉዳዩን ጨርሶ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ይህን እያወቀ ዝም ማለቱን አልማርኩትም፤ እስከ ዛሬ ድረስ አነሣበታለሁ።

ከዚያ ተነሥቼ ሳፋውን ውኃ ሞላሁት፣ ሁለት እፍኝ ጨው ጨመርኩበት። ገብረወልድ ለእራታችን ጎመን ሊቆርጥ ወጣ። ኖዝሏን በሩ ሥር አስቀመጥኳት፣ ቆራሌው ተመልሶ ሲያልፍ እሰጠዋለሁ።